ፊትን በኮምጣጣ መድኃኒት ስለ መላጥና የቆዳን አጥር ስለ መጠበቅ

ፊት ከአካላት ሁሉ ይልቅ ለሰው ዓይን የተጋለጠ ነው። እጅ ቢቆስል በጨርቅ ይጠቀለላል፤ እግር ቢያብጥ በጫማ ይሰወራል፤ ፊት ግን ባለቤቱ ቢወድም ባይወድም በገበያውም በለቅሶውም በሰርጉም ቤት ቀድሞት ይገባል። ስለዚህ የፊት በሽታ ሰውን በሁለት ወገን ይጎዳዋል፤ አንደኛ በሕመሙ፥ ሁለተኛም ሰው ለሕመሙ በሚሰጠው ትርጓሜ። ብዙ ጊዜ የሚከፋውም ሁለተኛው ነው። ይህን የምጽፈው ከሌላ ሰምቼ አይደለም። ሮዛሺያ የሚባለው የፊት ቅላት በራሴ ላይ ደርሶ ብዙ ዓመት ቆይቶአል፤ በዚሁም ምክንያት ዛሬ በከተማችን የውበት ቤቶች ዘንድ እየተለመደ የሄደውን ፊትን በኮምጣጣ መድኃኒት የመላጥ ሥራ በቅርብ ለመመልከት ችያለሁ። እንደ እኔ የሚቸገሩ እኅቶች ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል ብዬ ያየሁትንና የተማርሁትን እነሆ አቀርባለሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ በ2010 ዓ. ም. በ41 ዓመቴ ነው። በመጀመሪያ የተሰማኝ ቅላት ሳይሆን ሙቀት ነበር። ትኩስ ሾርባ በቀመስሁ ጊዜ፥ እንጀራ ለመጋገር ከምጣድ ፊት በቆምሁ ጊዜ፥ በርበሬ ወደሚታመስበት ቤት በገባሁ ጊዜ ጉንጬና አፍንጫዬ እንደ ፍም ይነዱ ነበር። ሙቀቱም በሩብ ሰዓት ውስጥ ያልፍ ነበር። ከዓመት በኋላ ግን ማለፉን ትቶ እዚያው ተቀመጠ፤ ብጉር የሚመስሉ ጥቃቅን እብጠቶችም በጉንጬ ላይ ወጡ፤ ቆዳዬ ሻከረ፤ ውኃ እንኳ ሲነካው ይለበልበኝ ጀመር። የቆዳዬ መልክ ጠይም ስለ ሆነ ቅላቱ እንደ ፈረንጅ ቅላት ደምቆ አይታይም ነበር፤ ጠቆር ብሎ ወደ ወይን ጠጅ መልክ የሚያደላ ነበር እንጂ።

ሰውም ይህን አይቶ እንደ ልማዱ ተረጐመው። አረቄ በአፌ ዞሮ የማያውቅ ስሆን በሰፈራችን እድር «ወይዘሮዋ ማታ ማታ ይቀማምሳሉ» ተብሎ ተወራ። በማስተምርበት ትምህርት ቤትም ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የተቆጣሁ እየመሰላቸው ያልገባቸውን ነገር ለመጠየቅ ይፈሩ ጀመር። አንዲቱ ትንሽ ልጅ «መምህርት፥ ምን አጠፋን?» ብላ የጠየቀችኝን ቀን አልረሳውም፤ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር ወደ ክፍሉ የገባሁት። በዚህም ምክንያት ከጎረቤት ቡና መቅረት ጀመርሁ። አንድ ሰው ከቡና ሲቀር የሚቀረው ከቡናው ብቻ አይደለም፤ ከሰፈሩ ወሬ፥ ከምክሩ፥ ከመተዛዘኑም ጭምር ነው። በሽታው ሰውነቴን አልጣለውም፤ ነገር ግን ኑሮዬን አጠበበው።

አሁን ስለ በሽታው ጠባይ ጥቂት ልናገር። ሮዛሺያ የሚለው ስም ከላቲን ቋንቋ የተገኘ ሲሆን የጽጌረዳ መልክ ያለው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ጎልማሶችን ነው፤ የሚቀመጥበትም ስፍራ የፊት መካከል፥ ይኸውም ጉንጭ፥ አፍንጫ፥ ግንባርና አገጭ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከስካር የመጣ ነው የሚለውም አሳብ ስሕተት ነው፤ መጠጥ በሽታው ያለበትን ሰው ፊት ያቀላዋል እንጂ፥ መጠጥ ቀምሰው የማያውቁ ብዙዎች ይታመሙበታል። በሽታው አዲስ አይደለም። የጣልያኑ ሠዓሊ ዶሜኒኮ ጊርላንዳዮ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1490 ዓ. ም. ገደማ የሣለውና ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር የሚገኘው ሥዕል አንድ ሽማግሌ ከልጅ ልጁ ጋር ያሳያል፤ የሽማግሌው አፍንጫ አብጦና ጎርበጥብጦ ስለ ተሣለ ሐኪሞች በሮዛሺያ ምክንያት የሚመጣው የአፍንጫ እብጠት መሆኑን ይናገራሉ። በዚያ ሥዕል ላይ ግን ሕፃኑ የአያቱን አፍንጫ ሳይጸየፍ ቀና ብሎ በፍቅር ይመለከተዋል።

በሽታው የፈረንጆች ብቻ መስሎ ለብዙ ዘመን ቆይቶአል። ምክንያቱም በመጽሐፎቹ የታተሙት ሥዕሎች የነጭ ሰው ፊት ስለ ነበሩ ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ከቆዳው ቀለም በታች ስለሚሸሸግ፥ ሐኪሙ ራሱ ብጉር ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ እንደ እኛ ያለ ቆዳ ያለው ሰው በመስተዋት ከሚያየው ይልቅ የሚሰማውን ማዳመጥ ይገባዋል፤ ሙቀቱን፥ መለብለቡን፥ የነበረው ቅባት ሁሉ ድንገት የማይስማማ መሆኑን።

በሽታውን የሚያመጣው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። የፊት የደም ሥሮች በጥቂቱ ይሰፋሉ፤ የቆዳው መከላከያም ከልክ በላይ ይቆጣል፤ በቆዳችን የጠጉር ቀዳዳዎች ውስጥ የሚኖር ዴሞዴክስ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ፍጥረትም አለ፤ ይህ በጎልማሶች ሁሉ ፊት ማለት ይቻላል ያለ ሲሆን ሮዛሺያ በያዘው ሰው ላይ ቍጥሩ ይበዛል። የሚያስነሡት ምክንያቶች ግን ከዕለት ኑሮአችን የራቁ አይደሉም፤ እነርሱም ፀሐይ፥ የእሳት ሙቀት፥ እንፋሎት፥ የሚያቃጥል ወጥ፥ መጠጥ፥ ንዴትና ጭንቀት ናቸው። የአዲስ አበባ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ናት፤ ሰው በ1,000 ሜትር ከፍ ባለ ቍጥር ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር በመቶ 10 ያህል ይጨምራል። እኛ ደጋው ቀዝቃዛ ነው ስንል ፀሐዩ ከቆላው ይልቅ ቆዳችንን ያገኘዋል።

ስለ ቡና ደግሞ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር ተምሬአለሁ። ፊትን የሚያቀላው የቡናው ትኩሳት እንጂ ቡናው ራሱ አይደለም። እንዲያውም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዓ. ም. የታተመ በአሜሪካ ነርሶች ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት፥ ቡና አብዝተው የሚጠጡት ሴቶች በሮዛሺያ የመያዛቸው ነገር አነስተኛ ሆኖ መገኘቱን ገልጦአል። እኔም ስኒዬን ተቀብዬ እስኪበርድ እያወራሁ መቆየትን ተማርሁ፤ ከረከቦቱም ፊት ሳይሆን ከመስኮቱ አጠገብ እቀመጣለሁ።

በ2014 ዓ. ም. ሐምሌ ወር ልጄ ታጨች፤ ሰርጉም ለጥር 2015 ዓ. ም. ተቀጠረ። ልጄ ሚዜዎችዋን አስከትላ የሙሽራ ጠጉርና ፊት ወደሚያሰማምር አንድ የውበት ቤት ስትሄድ እኔንም ይዛኝ ሄደች። በዚያ የምትሠራው ወጣት ፊቴን በደማቅ መብራት ተመለከተችና «እትዬ፥ ይህን በሦስት ሳምንት አጠራልዎታለሁ፤ ቆዳዎ ተልጦ ሲወድቅ ከሥሩ የሕፃን ቆዳ ይወጣል» አለችኝ። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ሦስት ጊዜ እንድትልጠኝ፥ የመጨረሻውም ከሰርጉ በፊት በሰባተኛው ቀን እንዲሆን አሳብ አቀረበች። ልጄም «እማዬ፥ እሺ በይ» አለች። የሙሽራ እናት ስትሆኑ አምስት መቶ ሰው ፊታችሁን ያያል፤ ፎቶግራፉም ለልጅ ልጅ ይቀመጣል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔም ሳልከለክል ሳልፈቅድ «አስቤ እነግርሻለሁ» ብዬ ወጣሁ፤ በማግሥቱም የአጎቴ ልጅ የጤና ሠራተኛ ስለ ሆነች እርስዋን ባማክር ወደ ቆዳ ሐኪም ይዛኝ ሄደች።

በአገራችን የቆዳ ሐኪም አለ ወይ የሚል ቢኖር መልሱ አለ ነው። በአዲስ አበባ በ1958 ዓ. ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ትምህርት የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ዛሬ የቆዳ ሐኪሞች ከሚማሩባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው፤ በሌሎችም ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች የሚሠሩ የቆዳ ሐኪሞች አሉ። እኔን ያየችኝ ሐኪም ገና ወጣት ስትሆን ትዕግሥትዋ የሽማግሌ ነበር። ስለ መላጡ ስነግራት «ወይዘሮ፥ አስቀድሞ የቤትዎን ግድግዳ ልንገርዎ» ብላ ጀመረች።

የቆዳችን ከሁሉ በላይ ያለው ሽፋን ከወረቀት ይልቅ የሳሳ ነው። ነገር ግን አሠራሩ እንደ ድንጋይ አጥር ነው። ድንጋዮቹ የሞቱና የጠነከሩ የቆዳ ሕዋሶች ሲሆኑ፥ በመካከላቸው የተመረገው ጭቃ ደግሞ ሴራማይድ፥ ኮሌስትሮልና የስብ አሲዶች የሚባሉ ቅባቶች ናቸው። ይህ አጥር ሁለት ሥራ አለው፤ የሰውነትን ውኃ ተንኖ እንዳይወጣ ይይዛል፥ የውጭውንም ጎጂ ነገር እንዳይገባ ይከለክላል። ሮዛሺያ በያዘው ፊት ላይ ጭቃው በየስፍራው ረግፎአል። ስለዚህ ውኃው ይወጣል፥ ቆዳው ይደርቃል፤ ሽቱና ሳሙና አቧራም በስንጥቁ ይገባል፥ ቆዳውም ይቆጣል፤ ቍጣውም መልሶ አጥሩን ያፈርሰዋል። ቆዳ ይህን አጥር በአንድ ወር ገደማ ውስጥ አሮጌውን በአዲስ እየተካ ይሠራዋል፤ ሥራው ግን የሚፈጸም የሚያፈርሱት እጆች ሲታገሡት ነው።

ከሚያፈርሱትም እጆች የመጀመሪያው ሳሙና ነው። ኮምጣጣነትና አመዳምነት በሚለካበት ሚዛን 7 መካከለኛ ሲሆን፥ ጤነኛ ቆዳ 5 አካባቢ፥ ማለት ጥቂት ኮምጣጣ ነው። የተለመደው ሳሙና ግን 9 ወይም 10 ሆኖ እንደ አመድ ውኃ ያለ ጠባይ አለው። በልብስ ሳሙና ፊቱን እስኪንጫጫ የሚታጠብ ሰው ጸዳሁ ሲል ጭቃውን አጥቦ ያወርደዋል። ሁለተኛው ፊትን በሎሚ ማሸት ነው፤ ሎሚ ከመጠን በላይ ኮምጣጣ ከመሆኑም ሌላ፥ ፊት በሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ሲመታው ይቃጠላል፥ ጥቁር ምልክትም ይተዋል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚያስፈራው፥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንደ ማቅያ ቅባት የሚሸጠው ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚባለው ኮርቲኮስቴሮይድ ነው። አንዲት ወዳጃችን ከአንድ ሱቅ ገዝታ ፊትዋን ስትቀባው በሦስት ቀን ቅላቱ ጠፍቶ ቆዳዋ አበራ። እርስዋም ደስ ብሎአት ለወራት ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጥ ሳሳ፤ ቅባቱን በተወች ቀን ፊትዋ ከፊተኛው በሦስት እጥፍ ነደደ፤ መልሳ ብትቀባው ይበርዳል፥ ብትተወው ይነድዳል። ከዚህ እሥራት የወጣችው በሐኪም እጅ በብዙ ወራት ነው። መድኃኒቱ ለሌላ በሽታ በሐኪም ልክ ሲታዘዝ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ በፊት ላይ እንደ ዘበት ሲቀባ ግን ራሱ ሮዛሺያን የሚመስል በሽታ ይወልዳል።

እንግዲህ ስለ መላጡ። ሥራው በሞኝነት የተገኘ አይደለም፤ የራሱ ታሪክና ጥበብ አለው። የጀርመኑ የቆዳ ሐኪም ፓውል ገርሶን ኡና በአውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ዓ. ም. ሳሊሲሊክ አሲድና ሌሎችም ኮምጣጣ መድኃኒቶች በቆዳ ላይ የሚሠሩትን ገልጦ ጽፎአል። አሲዱ በአጥሩ ድንጋዮች መካከል ያለውን ማያያዣ ያላላዋል፤ የላይኛው ሽፋን ይረግፍና ከሥሩ አዲሱ ይወጣል። ከአሲዶቹም ላክቲክ አሲድ በእርጎ ውስጥ የሚገኘው ነው፤ ግላይኮሊክ አሲድ በሸንኮራ አገዳ ይገኛል፤ ማንደሊክ አሲድ ስሙን ከለውዝ ያገኘ ሲሆን ወደ ቆዳ ቀስ ብሎ ስለሚገባ የለዘበ ነው፤ ሳሊሲሊክ አሲድ በቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ ወደ ቆዳ ቀዳዳዎች ይወርዳል፥ የቆዳንም ቍጣ የማብረድ ጠባይ አለው። መላጡም ደረጃ አለው። ላይ ላዩን የሚልጥ አለ፤ እስከ መካከል የሚዘልቅ አለ፤ ፌኖል በሚባለው መድኃኒት እስከ ጥልቁ የሚወርድም አለ፤ ይህም የመጨረሻው የልብን አመታት ሊያውክ ስለሚችል ያለ ሐኪም ጥበቃ የሚሠራ አይደለም።

ሐኪሟ እንዲህ አለችኝ። «በሚነድ ቤት ላይ ጣራ አይገፈፍም። አሁን ፊትዎ ነዶአል፥ አጥሩም ፈርሶአል፤ በዚህ ላይ አሲድ ቢፈስስ ከሚፈለገው በላይ ጠልቆ ይገባል። ሁለተኛም ጠይም ቆዳ በተቆጣ ቍጥር ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ ምልክቱም ለወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ይቆያል። ከሰርግዎ በፊት በሰባተኛው ቀን ተልጠው ቢቃጠሉ የሚድኑበት ጊዜ የለዎትም። ሦስተኛም መላጥ እብጠቱንና ሻካራውን ሊያለዝብ ይችል ይሆናል እንጂ የሰፉትን የደም ሥሮች አያጠብባቸውም። ስለዚህ አስቀድመን እሳቱን እናጥፋ፥ አጥሩን እንካብ፤ መላጡ ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ይመጣል።» እውነቱን ለመናገር ደስ አላለኝም፤ እኔ የፈለግሁት በቶሎ መንጻት ነበርና። ዳሩ ግን «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» የሚለውን አሰብሁ፤ የፈሰሰው ፊት ከሆነ ደግሞ የሚለቀም አይደለም።

ከነሐሴ ወር ጀምሮ ያደረግሁት ይህ ነው። ጠዋት በለብ ውኃ ብቻ እታጠባለሁ፤ ማታ ሽቱ በሌለበትና አረፋው ባነሰ ለስላሳ ማጠቢያ በጣቴ ጫፍ እታጠባለሁ፥ በንጹሕ ጨርቅም ሳላሽ አደርቃለሁ። ቆዳዬ ገና ርጥብ ሳለ ሴራማይድ ያለበትን ቅባት እቀባለሁ፤ እርሱ በጠፋ ጊዜ ሽቱ የሌለው ቫዝሊን በስሱ ይበቃኛል፤ ቫዝሊን ጭቃውን ባይሠራ ውኃው እንዳይወጣ ይከድናልና። ወደ ውጭ ስወጣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን፥ የመከላከያው መጠን 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን የፀሐይ መከላከያ እቀባለሁ፤ ለጠይም ቆዳ የቀለም ቅልቅል ያለበት ይሻላል፤ በዚህ ቀለም ውስጥ ያለው የብረት ኦክሳይድ ቆዳን ከሚያጠቁረው በዓይናችን ከሚታየው ብርሃንም ጭምር ስለሚከላከል ነው። ጃንጥላዬንም አልረሳም። በርበሬ ማመሱንና ምጣዱን ቤተ ሰቡ ተካፍሎ ያዘልኝ፤ ባለቤቴም በ52 ዓመቱ እንጀራ መጋገር ተማረ፥ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት ግን የበላነው ዳቦ ነው።

መድኃኒትም ታዘዘልኝ። አንደኛው አይቨርሜክቲን የሚባል ከመቶ 1 እጅ ያለበት ቅባት ነው። ይህ ስም በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ አገራችን ላሉ ሰዎች እንግዳ አይደለም፤ በጥቁር ዝንብ የሚተላለፈውንና ዓይን የሚያሳውረውን ኦንኮሰርኪያሲስን ለመከላከል በክኒን መልክ ለሕዝብ የሚታደለው መድኃኒት ይኸው ነው። ለመድኃኒቱ መገኘት ምክንያት የሆኑት ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓ. ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል፤ ለሮዛሺያ በቅባት መልክ በአሜሪካ የተፈቀደውም በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓ. ም. ነው። ቍጣን ያበርዳል፥ ከላይ የጠቀስሁትንም ዴሞዴክስን ይቀንሳል። ሁለተኛው ከመቶ 15 እጅ አዜላይክ አሲድ ነው፤ ይህ አሲድ በስንዴና በገብስ ውስጥም የሚገኝ ሲሆን ሁለት ጥቅም አለው፤ እብጠቱን ያስታግሣል፥ ጥቁሩንም ምልክት ቀስ አድርጎ ያፈዘዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለበለበኝ፤ በሐኪሟ ምክር አንድ ቀን እያለፍሁ በመቀባት ለመድሁት። ለሌሎች ሕመምተኞች ሜትሮኒዳዞል የሚባል ቅባት፥ እብጠቱ ለበረታባቸውም ዶክሲሳይክሊን የሚባል ክኒን ይታዘዛል። ሁሉም እንደ ሰውየው ነው።

አንድ ወር ሆነ፥ ምንም አላየሁም። በሁለተኛው ወር ውኃ ሲነካኝ መለብለቡ ቀረ። በሦስተኛው ወር አዲስ እብጠት መውጣቱ ቆመ። የጥር ወር ሲደርስ ፊቴ እንደ ሕፃን አልሆነም፤ በአፍንጫዬ ዳር ያለው ጥቁረትና የድሮዎቹ እብጠቶች ምልክት አሁንም ይታይ ነበር። ሙቀቱ ግን በርዶአል። በሰርጉ ቀን እልል እያልሁ ስስቅ ጉንጬ አልነደደም፤ እንግዶቼንም ሁሉ ፊቴን ወደ ግድግዳ ሳላዞር ሳምሁ። ከሰው መካከል መግባት ለብዙ ዓመት የፈራሁት ነገር ስለ ነበረ ይህ ለእኔ ከጥራት ይልቅ የሚበልጥ ነበር።

ከሰርጉም በኋላ ሕክምናውን አላቋረጥሁም። ፊቴ ለወራት ከረጋ በኋላ ፀሐይ በምትለዝብበት በነሐሴ 2015 ዓ. ም. ሐኪሟ ራስዋ ላይ ላዩን የሚሆነውን ልጠት ለመሞከር ፈቀደች። አስቀድማ አስፒሪን ይጎዳኝ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ፤ ሳሊሲሊክ አሲድ የአስፒሪን ዘመድ ነውና። ከጆሮዬ ኋላ በጥቂቱ ሞክራ ቀናት ጠበቀች። ከዚያም ከመቶ 20 እጅ የሆነውን ሳሊሲሊክ አሲድ ለጥቂት ደቂቃ ቀባችኝ፤ እንደ ሳማ ለበለበኝ፥ ወዲያውም ጨው የመሰለ ነጭ ነገር በፊቴ ላይ ታየ፤ እርሱም የአሲዱ ዱቄት መሆኑን ነግራኝ በውኃ አጠበችው። ለአምስት ቀን ያህል ቆዳዬ እንደ ቅርፊት ረገፈ፤ በዚያም ጊዜ ከማለስለሻ ቅባትና ከፀሐይ መከላከያ በቀር ምንም እንዳልቀባ ታዝዤ ነበር። ይህም በአራት በአራት ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ ተደረገ። ሻካራው ለሰለሰ፥ ጥቁሩም ምልክት ፈዘዘ። ቅላቱ ግን ዛሬም በፀሐይና በንዴት ይመጣል፤ ለእርሱ የሚሆን ልጠት እንደሌለ አስቀድማ ነግራኝ ስለ ነበር አላዘንሁም።

እንግዲህ ፊታችሁን ለማስላጥ የምታስቡ እኅቶች፥ ከመተኛታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ይህ በፊቴ ላይ ያለው በሽታ ምን መሆኑን የቆዳ ሐኪም አይቶታልን? የምትቀቡኝ አሲድ ስሙ ማን ነው፥ ከመቶስ ስንት እጅ ነው? እንደ እኔ ያለ ጠይም ቆዳ ልጣችሁ ታውቃላችሁን? ቢያቃጥለኝ ማን ያክመኛል? ስሙን የማይነግራችሁን መድኃኒት በፊታችሁ ላይ አታስነኩ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፥ ብጉር ለማጥፋት ክኒን የምትወስዱ ወይም በቅርቡ የወሰዳችሁ ከሆነ፥ በከንፈራችሁ ዳር ምች የሚወጣባችሁም ከሆነ፥ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ፊታችሁ በሚነድበት ሰሞን ግን ማንም ቢያባብላችሁ እሺ አትበሉ። ከዚህም ጋር ሮዛሺያ ዓይንን ይይዛል፤ አሸዋ የገባበት ያህል የሚቆረቁር፥ የሚቀላና ቆቡ የሚያብጥ ዓይን ቢኖራችሁ ከፊታችሁ አስቀድማችሁ ለእርሱ ሐኪም ፈልጉ።

ለባሎችና ለጎረቤቶችም አንድ ቃል አለኝ። የሴት ፊት ሲቀላ ምክንያቱን ከመተርጐም በፊት «አመመሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም። እኔ ያን ጥያቄ በሰማሁ ቀን መድኃኒት ሳልቀባ ግማሽ ድኜ ነበር። ሮዛሺያ ፈጽሞ የሚጠፋ በሽታ አይደለም፤ ነገር ግን ልኩን አውቆ የሚኖር ይሆናል። ቆዳን ከመላጥ በፊት አጥሩን መካብ ይቀድማል፤ አጥርም የሚካበው ድንጋይ በድንጋይ ላይ፥ በየቀኑ በጥቂቱ ነው።